ተዘናጋሁ ወይስ አዘናጉኝ?

በአስተያየት መስጫው ሥር ከስድብ ቀጥሎ በብዛት የማየው ቃል «ዲስትራክሽን» የሚለው ነው። አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል፣ ሌላው በእኛ ፊደል፤ ሦስተኛው ደግሞ አማርኛ አልብሶ «አጀንዳ ማስቀየሻ ነው» ይላል። (አጀንዳም ራሷ የፈረንጅ ቃል ናት፤ ግን ከመቆየቷ ብዛት ቤተኛ ሆናለች።) ስለ ዘይት ዋጋ ስትጽፍ «ጦርነቱን እንድንረሳ የተወረወረልን ዲስትራክሽን ነው» የሚል ይመጣል። ስለ ጦርነቱ ስትጽፍ «የኑሮ ውድነቱን ለማስረሳት ነው» ይልሃል። መንገድ ላይ ስለታገቱ ተሳፋሪዎች ስትጽፍ ደግሞ ሁለቱም በአንድነት ይመጡና «አጀንዳ አትቀበሉ!» ብለው ያስጠነቅቃሉ። ዘይቱ የጦርነቱ መጋረጃ፣ ጦርነቱ የዘይቱ መጋረጃ፣ እገታው የሁለቱም መጋረጃ። ታዲያ ከመጋረጃው ጀርባ የቀረው ምንድን ነው?

ይህን የሚጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ ዘገባውን አላነበበውም። ማንበብም አያስፈልገውም፤ የቃሉ ትልቁ አገልግሎት ይኸው ነው። ሳያነቡ ካነበበው ሰው በላይ የነቁ መምሰል ያስችላል። «እናንተ በጎርፉ ተወስዳችኋል፣ እኔ ግን ዳር ቆሜ አያችኋለሁ» እንደማለት ነው። በፍሪላንስ ለሚሠራ ጋዜጠኛ ደግሞ ነገሩ ከማናደድ አልፎ እንጀራም ይነካል። ሁለት ሳምንት የተለፋበትን ዘገባ «አሁን ወቅቱ አይደለም፣ ሰውን ዲስትራክት ያደርጋል» ብሎ የሚመልስ አርታኢ አይጠፋም። የእኔን እንጀራ ግን እንተወውና ወደ ቃሉ እንምጣ። ምክንያቱም ይህ ቃል በሁለት በኩል እየጎዳን ነው፤ በአንድ በኩል ጥፋተኛውን ያስመልጣል፣ በሌላ በኩል ተጎጂውን ይሰርዛል።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ትራሄሬ» መጎተት፣ መሳብ ማለት ነው፤ «ዲስ» ደግሞ ለየብቻ፣ ወዲያና ወዲህ። ስለዚህ ነገሩ ሲፈታ ወዲያና ወዲህ ጎትቶ መለያየት ይሆናል። ከዚሁ ሥር የበቀሉ ዘመዶቹ እኛ ሰፈርም አሉ፤ የሚጎትተው ትራክተር አንዱ ነው፣ ሁለት ወገኖችን ወደ አንድ የሚስበው ኮንትራት ሌላው ነው። ሲመሽ «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» የሚላችሁ ባለታክሲ ከዲስትራክሽን ጋር በአያት የሚገናኝ ቃል እየተናገረ ነው።

በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ ከዛሬው ይልቅ የከበደ ነበር። «ዲስትራክትድ» የሚባለው ስልኩን የሚነካካ ተማሪ ብቻ ሳይሆን አእምሮው የታወከ፣ ያበደ ሰው ነበር። በ1641 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ባወጣው የመብቶች ሕግ ውስጥ ቃሉ በዚህ ትርጉም ገብቷል፤ ሕፃናትንና አእምሮአቸው የታወከ ሰዎችን አብሮ በሚያነሳ አንቀጽ ላይ። ዛሬም እንግሊዝኛ ተናጋሪው አንድ ነገር ከልክ በላይ ሲያስመርረው «ወደ ዲስትራክሽን ነዳኝ» ይላል፤ አሳበደኝ ለማለት ነው። ፈረንሳዮች ጋ ስትሄዱ ደግሞ ያው ቃል መዝናኛ የሚል ትርጉምም ይዞ ይጠብቃችኋል። እብደትም ሆነ መዝናናት ወይም የሐሳብ መበተን፣ በሦስቱም ውስጥ ሰው ከነበረበት ቦታ ይጎተታል። ከተጎተተ ደግሞ ጎታች አለ።

የዛሬው አጠቃቀም ጎታቹን ጥሎታል። «አይ ዋዝ ዲስትራክትድ» ሲል እንግሊዝኛ ተናጋሪው ራሱን ብቻ ነው የሚያወራው። ማን ጎተተው? ወዴት? ዓረፍተ ነገሩ ይህን ሳይናገር ነጥብ ይደረግበታል፤ ማንም ሰው አረፍተ ነገሩ ጎደለ አይልም። በዚህ ረገድ አማርኛችን የተሻለ መሣሪያ ነበረው። ዘነጋ፣ ተዘናጋ፣ አዘናጋ። «ተዘናጋ» ካልክ ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ እሳት ላይ የጣደችውን ረስታ ወሬ የያዘች ሴት፣ በሩን ሳይቆልፍ የተኛ ዘበኛ። «አዘናጋ» ካልክ ግን ግሡ ራሱ «ማን?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ ባለቤቱን ሳትጠራ ልታመልጥ አትችልም። ኪስ አውላቂ ሁለት ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ትከሻህን ገፋ አድርጎ ያዘናጋሃል፣ ሌላው ኪስህ ይገባል። ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ «ተዘናጋሁ» ብትል የሚጻፍ ክስ የለም። ሰው አዘናግቶኝ ተሰረቅሁ ስትል ነው መዝገብ የሚከፈተው።

አሁን ይህን የመርካቶ ሕግ ይዘን ወደ ስልካችን እንምጣ።

አሜሪካ ውስጥ ሐሳቡ በተበተነ አሽከርካሪ ምክንያት በየዓመቱ ከ3,000 በላይ ሰው እንደሚሞት የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ይመዘግባል። ስልክ እያየ የሚነዳ ሰው መጠየቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ቃሉ ከሾፌሩ ወደ እግረኛው እንዴት እንደተሸጋገረ ተመልከቱ። በ2017 እ.ኤ.አ. የሆኖሉሉ ከተማ መንገድ ሲያቋርጡ ስልካቸውን የሚያዩ እግረኞችን የሚቀጣ ሕግ አወጣች። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ15 እስከ 35 ዶላር ነው። አንድ ቶን ከሚመዝነው ብረትና ከሰው ሥጋ መካከል «ልቡ የተበተነ» ተብሎ የተከሰሰው ሥጋው ሆነ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። መኪና ወደ አሜሪካ ከተሞች ሲገባ መንገዱ የእግረኛ፣ የጋሪና የሕፃናት መጫወቻ ነበር፤ መኪናው ሰው ሲገድል ሕዝቡ በመኪናው ነበር የሚቆጣው። በ1920ዎቹ የመኪና ነጋዴዎችና ማኅበራት አንዲት የስድብ ቃል ይዘው ዘመቱ። «ጄይዎከር»። «ጄይ» በጊዜው የከተማ ሥርዓት የማያውቅ ባላገር ማለት ነበር፤ የእኛ ሰፈር ልጆች «ፋራ» እንደሚሉት። ሎስ አንጀለስ በ1925 ጠበቅ ያለ የእግረኛ ደንብ አወጣች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ መሀል መንገድ የተገጨ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «በዜብራ ነበር ወይ?» የሚል ነው። አንዲት የስድብ ቃል ይህን ያህል ትሠራለች።

በስልኩም የሆነው ይኸው ነው። ልጁ አያጠናም፣ «ዲስትራክትድ» ነው። ሠራተኛዋ ሥራዋን አትጨርስም፣ ዲስትራክትድ ናት። ከዚያ ምክር ይከተላል፤ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥ፣ በጠዋት ተነሳ፣ ትኩረትህን አሠልጥን። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ስለ ማዶኛው ወገን አንድም ቃል የለበትም። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከር በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ሲናገር፣ ፌስቡክን ሲሠሩት ያስቡ የነበረው የሰውን ጊዜና ትኩረት በተቻለ መጠን እንዴት እንደሚወስዱ እንደነበር ገልጿል። በዚያው ዓመት የኔትፍሊክስ አለቃ ሪድ ሄስቲንግስ ዋናው ተፎካካሪያችን እንቅልፍ ነው ብሏል፤ እየቀለደም ቢሆን ቀልዱ እውነት ነበር። ጣታችሁን ወደ ላይ በገፋችሁ ቁጥር የማያልቀውን ገጽ በ2006 የነደፈው ኤዛ ራስኪን ቆይቶ በሥራው እንደሚጸጸት ተናግሯል። ሜታ በ2023 ብቻ ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው ምን ይዞ ነው? የእናንተን ዓይን ይዞ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ መሐንዲስ፣ ይህ ሁሉ የሥነ ልቦና እውቀትና ይህ ሁሉ ገንዘብ በአንድ በኩል ቆሞ፣ በሌላ በኩል ሻይ ቤት ጥግ የተቀመጠ የ17 ዓመት ልጅ አለ። እኛ ዞረን ልጁን «ለምን ትዘናጋለህ?» እንለዋለን። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ከ40 በላይ የአሜሪካ ግዛቶች ዐቃቤ ሕጎች ሜታ ላይ ክስ ሲመሠርቱ ያደረጉት ነገር፣ ቃሉን ከ«ተዘናጋ» ወደ «አዘናጋ» መመለስ ነው። ኩባንያው ልጆች ከገጹ እንዳይላቀቁ አድርጎ አውቆ ነድፎታል የሚል ነው ክሱ። ይርታም ይሸነፍም፣ ጥያቄው ቢያንስ ወደ ትክክለኛው ሰው ዞሯል።

(ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በቴሌግራም መሆኑን አልረሳሁም። እስካሁን ከላይ ስንት መልእክት ብቅ ብሎ እንደጎተታችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። የተመለሳችሁትን አመሰግናለሁ።)

ወደ ፖለቲካው ስንሻገር ቃሉ ሌላ ጠባይ ያወጣል። በስልኩ ጉዳይ ጎታቹን እንረሳለን፤ በፖለቲካው ግን ጎታች ሁሉም ቦታ ይታየናል፣ ያውም ያለ ማስረጃ። እዚህ የሚጠፋው ደግሞ ነገሩ ራሱ ነው። ለዚህ ከጎረቤታችን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ነሐሴ 7 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ናይሮቢና ዳሬሰላም ባሉት የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ አልቃይዳ ቦምብ አፈነዳ። 224 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ አሜሪካዊ የነበሩት 12 ብቻ ናቸው፤ የቀረው በአብዛኛው ኬንያዊና ታንዛኒያዊ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ነሐሴ 17፣ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በሞኒካ ሌዊንስኪ ጉዳይ ቃላቸውን ሰጡ፣ ማታውኑም በቴሌቪዥን ቀርበው አመኑ። በሦስተኛው ቀን ነሐሴ 20፣ የአሜሪካ ሚሳኤሎች በአፍጋኒስታን ካምፖችና በካርቱም አል ሺፋ በሚባል የመድኃኒት ፋብሪካ ላይ ወረዱ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ «ዋግ ዘ ዶግ» የሚባል ፊልም ወጥቶ ነበር፤ የወሲብ ቅሌት የገጠመው ፕሬዚዳንት ሰዎች የሌለ ጦርነት ፈጥረው ሕዝቡን ሲያዘናጉ የሚያሳይ። በዚያው ዕለት በፔንታገን መግለጫ ላይ የመከላከያ ሚኒስትሩ ዊልያም ኮኸን ስለዚህ ፊልም ተጠየቁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ «ዲስትራክሽን ነው፣ አይደለም» ሆነ።

እስቲ በዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ ማን እንደጠፋ ተመልከቱ። የናይሮቢና የዳሬሰላም ሙታን ጠፉ። አል ሺፋ ሱዳን ከምትጠቀመው መድኃኒት ብዙውን የሚያመርት ፋብሪካ ነበር፤ አሜሪካ የኬሚካል መሣሪያ ቅመም ይሠራበታል ብትልም አሳማኝ ማስረጃ ሳይቀርብ ቀርቷል። ትልቁ ጥያቄ እዚህ ጋ ነበር። አንድ መንግሥት በደካማ መረጃ የድሃ አገር መድኃኒት ፋብሪካ ሲያፈርስ ማን ይጠየቃል? ዋሽንግተን ግን ስለ ካርቱም አልተጨቃጨቀችም፤ የተጨቃጨቀችው ስለ ራሷ ነው። ፋብሪካው የክሊንተን መኝታ ቤት መጋረጃ ሆኖ ቀረ።

ሌላም ጠፍቷል። የመስከረም 11ን ጥቃት የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ የክሊንተን አማካሪዎች በጸጥታ ጉዳይ ብቻ ተመርተናል ያሉትን ለመጠራጠር ምክንያት እንዳላገኘ ጻፈ። ቀጥሎም ያ የ«ዋግ ዘ ዶግ» ሐሜት ከፓርቲ ሽኩቻውና በአል ሺፋ ላይ ከተነሳው ጥርጣሬ ጋር ተደምሮ፣ በቢን ላደን ላይ ኃይል ለመጠቀም በኋላ በሚወሰኑት ውሳኔዎች ላይ ጥላ ሳያጠላ እንዳልቀረ ገለጸ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። «ዲስትራክሽን ነው» የሚለው ክስ ራሱ ሰዉን ከዋናው ጉዳይ ጎትቶ አወጣው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዋናው ጉዳይ ኒውዮርክ ድረስ መጣ።

«ታዲያ መንግሥታት አያዘናጉም እያልክ ነው?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያዘናጋሉ እንጂ! መስከረም 11 ቀን 2001 ሕንጻዎቹ እየተቃጠሉ ሳለ፣ በብሪታንያ የትራንስፖርት ሚኒስቴር አማካሪ የነበረች ጆ ሙር ለባልደረቦቿ ኢሜይል ጻፈች፤ መጥፎ ዜና ካለን ሳይታወቅ ለመቅበር ዛሬ ጥሩ ቀን ነው የሚል መንፈስ ያለው። ይህ ማዘናጋት ለመሆኑ ክርክር የለውም። ለምን? ያዘናጋችው ታውቃለች፣ ሊቀበር የታሰበው ነገር ታውቋል፣ ደብዳቤውም አለ። እንግሊዞቹም የኒውዮርክን እሳት «ዲስትራክሽን ነው፣ አትዩት» አላሉም። ሁለቱንም አዩ። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ዓመት ከሥራዋ ለቀቀች።

ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረው የቻይናው ነው። ሦስት ተመራማሪዎች፣ ጋሪ ኪንግ፣ ጄኒፈር ፓንና ማርጋሬት ሮበርትስ፣ ከአንድ የወረዳ ፕሮፓጋንዳ ቢሮ ሾልከው የወጡ ኢሜይሎችን መርምረው በ2017 ጥናት አወጡ። የቻይና መንግሥት በዓመት 448 ሚሊዮን ያህል አስተያየቶችን በተራ ዜጋ ስም በማኅበራዊ ሚዲያ ያስጽፋል ብለው ገመቱ። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ ሳይሆን ይዘቱ ነው። ጽሑፎቹ ከተቃዋሚ ጋር አይከራከሩም፣ አይሳደቡም፣ አያስፈራሩም። በአብዛኛው ያሞግሳሉ። የአገር ፍቅር፣ የሰማዕታት መታሰቢያ፣ የበዓል ደስታ፣ የልማት ተስፋ። ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል የተባለ ጊዜ ደግሞ ይህ ምስጋና እንደ ዝናብ ይወርዳል። መንግሥት ለማዘናጋት ሲነሳ መድረኩን በመልካም ዜና ይሞላል ማለት ነው። ስለዚህ ማዘናጊያ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት ርችቱ ላይ፣ ሪባኑ ላይ፣ «ተመረቀ» የሚለው ላይ ነው። የእኛ አስተያየት ሰጪዎች ግን ሪባኑን በዝምታ አልፈው የታገተው ሰው ዜና ሥር መጥተው «አጀንዳ ነው» ይላሉ።

ይህን ለማወቅ ቻይና ድረስ መሄድም አያስፈልግም ነበር። መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ተከበረ፣ ኢሠፓም ተመሠረተ። ከተማዋ በቅስትና በመፈክር አሸበረቀች፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሳይቀሩ በማስዋቡ ገብተውበታል። በዚያው ወቅት ወሎና ትግራይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይጓዙ ተከልክለው ከበዓሉ በኋላ ነው የተፈቀደላቸው፤ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጹት ዓለም ያየው ጥቅምት 13 ቀን ነው። በወቅቱ የእርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ኋላ በጻፉት መጽሐፍ፣ ለበዓሉ የተሰጠው ትኩረት ለረሃቡ እንዴት እንደተነፈገ በዝርዝር ተርከዋል። ያኔ «ዲስትራክሽን» የሚለው ቃል በየሰዉ አፍ ቢኖር ኖሮ ማን ላይ ይለጠፍ ነበር? ቅስቱ ላይ ይመስላችኋል? የአብዮቱን በዓል ሊያደበዝዝ በመጣው በረሃብተኛው ላይ ነበር።

አንድ ነገር ጨርሶ እንዳይታይ የሚፈልግ ኃይል ደግሞ ማዘናጋትም አያስፈልገውም። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም ለሁለት ዓመት ያህል እንደተቋረጠ ቆየ። እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ቁጭ ብሎ ያን ጊዜ ያሳለፈ አንባቢ በዚህ ቻናል ላይ አለ። ያን የመሰለውን «ትኩረት ማስቀየሻ» ብሎ መጥራት ነገሩን ማቅለል ነው። መብራት ያጠፋብህን ሰው «አዘናጋኝ» አትለውም።

የቀረኝ አንድ ተቃውሞ ነው፤ ከሁሉም ጨዋው እሱ ነው። «ወንድሜ፣ ሕዝብ ትኩረቱ ውስን ነው። በአንድ ዋና ጉዳይ ላይ ካልጸና ምንም አይለወጥም» የሚል። ትኩረት ውስን መሆኑ እውነት ነው። ኸርበርት ሳይመን የሚባለው ምሁር በ1971 መረጃ ሲበዛ የሚያልቀው ትኩረት እንደሆነ ተናግሯል፤ ኢንተርኔት ቤታችን ሳይገባ ማለት ነው። ግን «ዋና ጉዳይ» የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? በ1999 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ሰብስበው ቪዲዮ አሳዩ፤ ኳስ የሚቀባበሉ ልጆች አሉ፣ ነጭ የለበሱት ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ ቁጠሩ አሏቸው። መሀል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን ደልቆ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች አልተዘናጉም። በጣም አተኩረዋል። ያተኮሩት ግን ቁጠሩ በተባሉት ላይ ነው። «ዋናው ላይ አተኩሩ» የሚለው ትእዛዝም እንደ ማዘናጊያው ሁሉ ጎታች አለው፤ ወደ ራሱ ይስባል። ደርግም ኢሕአዴግም ከእነሱ በኋላ የመጡትም «ዋናው ጉዳይ» ነበራቸው፤ ከዋናው ጉዳይ ውጭ የሞተው ሰው ተራው ሳይደርሰው ይቀራል።

ደግሞስ የሕዝብ ትኩረት አንድ ሰው የያዘው አንድ ባትሪ አይደለም። ዘይት ለመግዛት ሰልፍ የቆመችው ሴት ልጇ የሄደበት አውቶቡስ እንዳይታገት ትጸልያለች፤ ወንድሟ ግንባር ላይ ነው። የሦስቱም ወሬ በአንድ ስልኳ ይመጣል። ለእሷ አንዱ የሌላው መጋረጃ አይደለም፤ ሦስቱም ኑሮዋ ናቸው። «ዲስትራክሽን» ብሎ የሚመድብላት ዘይት የሚገዛለት፣ ልጁም በአውቶፕላን የሚሄድለት ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ ቻናል አስተያየት መስጫ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። «ዲስትራክሽን» ወይም «አጀንዳ ማስቀየሻ» ብላችሁ መጻፍ መብታችሁ ነው፤ አላጠፋም፣ አላግድም። ግን ከቃሉ አጠገብ ሦስት ነገር ጨምሩልኝ፤ ያዘናጋን ማን ነው፣ ከምን ነው ያዘናጋን፣ በምን አወቅህ። እንደ ጆ ሙር ያለ ኢሜይል ከተገኘማ ለእኔ በግል ላኩልኝ፤ አጣርቼ በስማችሁም ያለ ስማችሁም አወጣዋለሁ፣ ለዚህ ነው የምሠራው። ሦስቱ ከሌሉ ግን ከአስተያየታችሁ ሥር ገብቼ «ማን አዘናጋህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ለአሥራ አንድ ሰው ጠይቄ ነበር። ዘጠኙ ዝም አሉ፤ አንዱ ሰደበኝ፤ አንዷ ደግሞ «እውነትህን ነው፣ አላነበብኩትም፣ አሁን ላንብበው» ብላ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጥታ የወረዳ ስም ስህተቴን አረመችልኝ።